ክረምቱ ወጣ፣ ሞተር ልግዛ? አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ ኤሌክትሪክ፤ በዕቁብ፣ በባንክ ወይስ በብድር

መስከረም ተጋምሶ ዝናቡ ሲያቋርጥ በክልል ከተሞች የሞተር ገበያ ይሟሟቃል። ጭቃው ደርቋል፣ የገጠሩ መንገድ ተከፍቷል። የበልጉን ዝናብ ከተውነው እስከ ሰኔ ድረስ እንደልብ የሚነዳበት ጊዜ ነው። ሐዋሳም ሂዱ ባሕር ዳር፣ ጅማም ሂዱ ደሴ፣ "ዘንድሮስ አንድ ሞተር መግዛት አለብኝ" የሚል ሰው አይጠፋም።

ወሬው ታዲያ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሞተሩ ስም ነው። ቦክሰር ይሻላል ወይስ አፓቼ? እኔ ከገንዘቡ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። የምትገዙትን ሞተር ግማሹን የሚወስነው ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ነው። በብድር የተገዛ ሞተር በማግስቱ ሥራ መግባት አለበት። በዕቁብ የሚገዛ ሰው ዕጣው በወጣለት ቀን ነው የሚገዛው፤ ወቅቱ ተስማማውም አልተስማማውም። በባንክ የሚያጠራቅም ደግሞ ቀኑን ራሱ ይመርጣል፣ ዋጋው ግን ቆሞ አይጠብቀውም።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። ከተማው ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሏል። ስለዚህ አንድ ብር ከመቆጠባችሁ በፊት ለምትፈልጉት አገልግሎት ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ከትራንስፖርት ቢሮው ጠይቁ። ሻጩ "ችግር የለውም፣ ሁሉም እየነዳ ነው" ቢላችሁ፣ እሱ መሸጡን እንጂ ነገ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ አብሯችሁ መቆሙን አያስብም።

ስንት ነው የምትቆጥቡት?

ለስሌት እንዲመቸን ሞተሩ 200,000 ብር ነው እንበል። ያላችሁበት ከተማ ዋጋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። ሁለት መቶ ሺህ ይዞ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሞተሩን ይዞ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ግን አይወጣም። ሰሌዳ አለ። ሊብሬ በስም ማዞር አለ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ያገለገለ ከሆነ ቦሎው መቼ እንደሚያልቅ ማየት ያስፈልጋል። የሞተር መንጃ ፈቃድ ከአውቶሞቢሉ የተለየ ምድብ ነው፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ስላላችሁ ብቻ ሞተር መንዳት አትችሉም። ለማሠልጠኛውና ለፈተናው ገንዘብም ጊዜም ያዙ።

እኔ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ 20 በመቶ ጨምሩ እላለሁ። በምሳሌአችን ያ ከ30,000 እስከ 40,000 ብር ነው። ብዙ ይመስላል። ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ በመጀመሪያው ወር ሁለት ጎማ፣ ካቴናና ባትሪ ስትቀይሩ ግን ብዙ አይመስላችሁም።

ሄልሜቱን ቀድማችሁ ግዙ። ሞተሩ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ቢሆንም ግድ የለም። ሞተሩ ሲገዛ ኪስ ስለሚራቆት "ለጊዜው ይቺን ላድርግ" ተብሎ የግንባታ ቆብ የሚመስል ነገር ጭንቅላት ላይ ይደረጋል፤ ያ "ለጊዜው" ደግሞ ዓመት ይፈጃል። ሄልሜት ስትመርጡ አገጭ የሚሸፍነውን ውሰዱ። አድርጋችሁት ጭንቅላታችሁን ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዙ አብሮ የሚዞር እንጂ ብቻውን የሚላወስ መሆን የለበትም። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ከኋላ ወደ ላይ ግፉት፤ ከራሳችሁ ላይ ከወለቀ አይሆንም። ያገለገለ ሄልሜት በጭራሽ አትግዙ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር አንዴ ከተመታ አገልግሎቱ አበቃ፣ መመታቱ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ዕቁብ፣ ባንክ፣ ብድር

ዕቁብ ያለ ወለድ ገንዘብ የሚያስገኝ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀድሞ ለደረሰው ሰው። ሃያ አባላት በወር 10,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 200,000 ብር ነው። በሁለተኛው ወር የወጣለት ሰው የአሥራ ስምንት ወር ወለድ አልባ ብድር አገኘ ማለት ነው። በሃያኛው ወር የወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ከረመ። በዚያ ሃያ ወር ውስጥ የሞተሩ ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምር 240,000 ብር ሆኗል፤ እሱ የያዘው ያው 200,000 ነው። አርባ ሺህ ብር ይጎድለዋል።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሞተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። እዚህ የሚገጣጠመውም ቢሆን ክፍሎቹ የሚገቡት በዶላር ነው። በዚያ ክረምት ዕጣ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ምን እንደተሰማው ለመገመት አይከብድም።

ስለዚህ ዕቁብ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዕጣ መሸጥና መለዋወጥ ይፈቀዳል ወይ? ከተፈቀደ፣ ወቅቱ ሲደርስ ትንሽ ከፍላችሁ የሌላውን ተራ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ያ ክፍያ ከብድር ወለድ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ዳኛው ማነው፣ ዋስ የሚጠራውስ እንዴት ነው? ቀድሞ የበላ ሰው መጣሉን ቢያቆም ማን ይከፍላል? ለዚህ ጥርት ያለ መልስ የሌለው ዕቁብ ውስጥ ጓደኛ ቢኖራችሁም አትግቡ። ሦስተኛው፣ ግማሽ ዕጣ ይቻላል ወይ? በወር 5,000 እየጣሉ 100,000 መውሰድ ለብዙ ደመወዝተኛ የሚሆነው ይሄኛው ነው።

ባንክ ሌላ ጠባይ አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድን 7 በመቶ አድርጎት ነበር። በዚህ ሒሳብ በወር 5,000 ብር ለሃያ ወር ብታስቀምጡ 100,000 ዋናው፣ 6,000 ብር ገደማ ደግሞ ወለዱ ነው፤ ያውም ከታክስ በፊት። የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ እንደነበር ስታስቡ 7 በመቶ ምን ያህል እንደሚጎትት ይገባችኋል። ታዲያ ባንክ ለምን? ገንዘቡ በእጃችሁ ስለሆነ። ነሐሴ ላይ አንድ ሰው በችኮላ ሞተር ሲሸጥ ካሽ ይዛችሁ መድረስ ትችላላችሁ። በዕቁብ ይሄ የለም።

እኔ ብጠየቅ ሁለቱን ቀላቅሉ እላለሁ። ግማሽ ዕጣ በዕቁብ፣ የሰሌዳውና የመድኑ፣ የሄልሜቱና የመጠባበቂያው ደግሞ በባንክ፤ ያውም ከሞባይል ባንኪንጉ ጋር ባልተያያዘ ሒሳብ። በእጅ ስልክ የሚታይ ገንዘብ ለበዓል በግ ይሆናል።

ብድር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነውና። ማይክሮ ፋይናንስ ወይም የብድርና ቁጠባ ማኅበር ስትሄዱ "ወለዱ 15 በመቶ ነው" ይሏችኋል። ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። መጠየቅ ያለባችሁ "በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመነሻው?" ብላችሁ ነው። 200,000 ብር በሁለት ዓመት የሚከፈል እንበል። ወለዱ ሁልጊዜ በመነሻው 200,000 ላይ የሚሰላ ከሆነ በሁለት ዓመት የምትከፍሉት ወለድ 60,000 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ 33,000 ብር አይሞላም። መቶኛው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ27,000 ብር በላይ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን በቁጥር አጽፉት፣ በወራቱ አባዙት፣ ከተበደራችሁት ቀንሱት። የሚተርፈው ወለዱ ነው። ሌላ ቀመር አያስፈልግም።

ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ ሙራባሃ አለ። ባንኩ ሞተሩን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ ይሸጥላችኋል። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ባንኮች ናቸው፤ በሌሎቹ ባንኮችም መስኮቱ አለ። ጥቅሙ ጠቅላላ ዋጋው ከመጀመሪያው የታወቀ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ባንኩ ከደላላ ላይ ያገለገለ ሞተር ለመግዛት እምብዛም ስለማይመቸው ምርጫችሁ ወደ አዲስ ያዘነብላል።

ለሥራ የምትፈልጉት ከሆነ ደግሞ አራተኛ መንገድ አለ፤ የሰው ሞተር ይዞ ለባለቤቱ ገቢ እያስገቡ መሥራት። በዚህ መንገድ ቶሎ ሀብታም አትሆኑም። ግን አንድ ወቅት ሙሉ በሌላ ሰው ሞተር ላይ ስትውሉ ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ የሚበላሸውን ነገርና የከተማውን ትራፊክ ታውቁታላችሁ። ራሳችሁ ስትገዙ በወሬ አትመሩም። መንጃ ፈቃዱና መድኑ የተሟላ መሆኑን ግን ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

የቱ ሞተር?

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ቦክሰር የበዛው ቆንጆ ስለሆነ አይደለም። የሚሠራው ባጃጅ ነው፤ ያው ባለሦስት እግሩን የሚያመርተው የሕንድ ኩባንያ። ስለዚህ ባለሦስት እግር ባጃጅ የገባበት ከተማ ሁሉ ዕቃ ሻጩና መካኒኩ ተከትሎ ገብቷል። ወረዳ ከተማ ላይ የፍሪሲዮን ገመድ ቢበጠስባችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገኛል። ይሄ ነገር ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል። የ100 ሲሲው ለአንድ ሰውና ለሜዳ ከተማ ይበቃል። የ150ው ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል።

ዳገት ስል የከፍታውን ነገር አትርሱት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቤንዚን ሞተር ደግሞ ያለ አየር አያቃጥልም። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚያ ወደ 9 ይወርዳል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ሰው በ100 ሲሲ ደስ ብሎት ሲነዳ፣ ደሴ ያለው ዘመዱ በዚያው ሞተር ሰው ጭኖ አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት የሚውለው ለዚህ ነው። ደጋ ላይ ካላችሁ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ካርቡሬተሩንም ለከፍታው የሚያስተካክል መካኒክ ፈልጉ፤ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል።

አፓቼ የቲቪኤስ ነው፣ የጎረምሳ ሞተር። ፍጥነት አለው፣ ፍሬኑም ደህና ነው፣ ሲያዩትም ያምራል። ቤንዚን ይበላል፣ ዕቃውም ከቦክሰር ይወደዳል። ያገለገለ አፓቼ ስትገዙ ከአንተ በፊት ማን ነድቶት ይሆን ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ፤ በጥንቃቄ የተነዳ አፓቼ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ግን አልፎ አልፎ ነው። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ እለፉት። የዚሁ ኩባንያ ኤች ኤል ኤክስ ግን ከቦክሰር ጋር ፊት ለፊት የሚወዳደር፣ ለሥራ የተሠራ ሞተር ነው። ከተማችሁ ላይ የትኛው ዕቃ በብዛት እንዳለ አይታችሁ ከሁለቱ አንዱን ብትወስዱ አትጎዱም።

ሊፋንን የመሳሰሉ የቻይና 125ቶች በዋጋ ይረክሳሉ። ብዙዎቹ ሞተራቸው ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሲጂ 125 የተቀዳ ነው፤ ሲጂ ደግሞ ጥገና ለማያገኝ አገር ታስቦ የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነበር። ስለዚህ ዋናው ሞተር አያሰጋም። የሚያስቸግረው ዙሪያው ነው። ብሎን ይዝጋል፣ ሽቦ ይላቀቃል፣ ቸርኬው ይጣመማል። ራሳችሁ ቁልፍ ይዛችሁ መነካካት የምትወዱ ከሆነ ያዋጣችኋል።

ያማሃ ዲቲን የሚወድ ሰው ምንም ቢነግሩት አይሰማም፤ ስለዚህ አልለፋም። ድንጋይና ጭቃ ላይ የሚያክለው የለም። ግን ዘይት አብሮ የሚያቃጥል ሞተር ስለሆነ ሁለት ወጪ አለበት፣ ዕቃውም ውድ ነው። አንዳንዴ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ሞተሮች በጨረታ ይወጣሉ። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ሰነድ) አስይዛችሁ መወዳደር ትችላላችሁ፤ ሞተሩን ግን አይታችሁ እንጂ ነድታችሁ አትገዙም። ከመካኒክ ጋር ካልሄዳችሁ ባትገቡበት ይሻላል።

ያገለገለ ለመግዛት ሲኬድ

ጠባብ በጀት ላለው ሰው ዋናው ምርጫ ይሄ ስለሆነ በደንብ እንየው። ጊዜው ራሱ ለውጥ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሞተር የሚሸጥ ሰው ብር ቸግሮት ነው፤ ገዢም የለውም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ያው ሻጭ ኮራ ይላል። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ እህሉ ተወቅቶ፣ ቡናው ተሽጦ የገጠሩ ገንዘብ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ደላላ አይገራም። ጥቅምት ላይ ገንዘባችሁ ካልሞላ ተበድራችሁ ከመሮጥ አንድ ክረምት ብትታገሡ ይሻላል፤ ዕጣ የሚያወጣላችሁ ዕቁብ ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ለማየት በጠዋት ሂዱ። ለሻጩ "በሦስት ሰዓት እመጣለሁ" ብላችሁ በሁለት ሰዓት ብትደርሱም አይከፋም። እንደደረሳችሁ ምንም ሳትናገሩ መዳፋችሁን ወደ ሞተሩ ጎን አስጠጉት። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ለምን? የደከመ ሞተር ሙቅ ሲሆን በአንዴ ይነሣል፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ጉዱን ያወጣል። እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ፤ ቸኩሎ "ሥራ አለብኝ" የሚል ሻጭ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሲቀዘቅዝ በሞተሪኖው (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) ሳይሆን በፔዳሊናው (በእግር በሚረገጠው ማስነሻ) አስነሱት። ፔዳሊናው ስትረግጡት መግፋት አለበት። ዝም ብሎ ከወረደ መጭመቂያው ደክሟል። ከተነሣ በኋላ ማርሚታው ጋ ቁሙ። ጋዝ ስትሰጡት ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ነው፣ ሞተር ማውረድ ይመጣል። ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሩ ነው፣ አያስፈራም። ካንዴላውን አስፈትታችሁ እዩት፤ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ በዘይት ከራሰ ሰማያዊውን ጭስ ያረጋግጣል።

ኪሎሜትሩን አትመኑት። የሚመለስ ነገር ነው። የእግር መርገጫውን ጎማ፣ የማርሹን ጫፍና የእጅ መያዣውን እዩ። ቆጣሪው 12,000 እያለ የእግር መርገጫው ጎማ ተበልቶ ብረት ከወጣ፣ ብረቱ ነው እውነቱን የሚናገረው። ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጥርሱ እንደ ሻርክ ክንፍ ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ ካቴናውም ጥርሱም አብረው ይቀየራሉ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ በሞላላ ክብ ውስጥ ተጽፏል። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ዋጋው ላይ ቀንሱበት።

የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። መሪው ሥር ጓ የሚል ነገር ከተሰማ ኩሽኔታው ሄዷል። የፊት ሾኩ ላይ ዘይት ካለ ይፈሳል። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ንዱት፣ መሪውንም ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ተጋጭቶ ሻንሲው ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ብየዳ ካያችሁ ሌላ ሞተር ፈልጉ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ኤሌክትሪኩስ?

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነፋሱ ወደ ኤሌክትሪክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ዶዳይ ያሉ ኩባንያዎች ኤሌክትሪክ ሞተር እዚሁ እየገጣጠሙ ይሸጣሉ፣ የቻይናዎቹ ስኩተሮችም ገብተዋል። የቤንዚኑን ነገር ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። ያውም ማደያ ሲገኝ ነው። ክልል ላይ ወረፋው ሲረዝም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት አለ፤ ዋጋውም ሌላ፣ ውስጡ የተደባለቀውም ሌላ።

በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በቦክሰር አንድ ሊትር ገደማ ይጨርሳል። በሊትር 100 ብር ብናሰላው በወር 26 ቀን ሠርቶ 2,600 ብር ነው። ዘይት ከነጭራሹ አልተቆጠረም። በዚያው ርቀት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሁለት ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም የሚጠቀመው። የመብራት ዋጋ ቢጨምርም ከቤንዚን ጋር አይቀራረብም። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ከፍታም ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ደብረ ብርሃን ላይም ሆነ ጋምቤላ ላይ ያው ነው።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ? ባትሪው ላይ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው ያላቸው። "ግራፊን" ተብሎ ቢሸጥም አብዛኛው የተሻሻለ ሊድ አሲድ ነው። በየቀኑ እስከ ጥግ ከተጠቀማችሁበት በአንድ በሁለት ዓመት ይደክማል። ያኔ አዲስ ባትሪ የሞተሩን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይጠይቃችኋል። ሊቲየሙ ይወደዳል፣ ግን ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተር ስታወዳድሩ ዋጋውን ሳይሆን መጀመሪያ የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ፣ ዋስትናውንም በወር ቁጥር አጽፉ። "አንዴ ሞልቶ 100 ኪሎሜትር ይሄዳል" የሚለውን ለብቻ ሰው፣ በሜዳ፣ በዝግታ የተለካ አድርጋችሁ ውሰዱት። ሰው ጭናችሁ ዳገት ለምትወጡ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትጠብቁ።

ሌላው የመሙያው ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሞተሩን የት ይሰካል? ስድስት የሊድ አሲድ ባትሪ 40 ኪሎ ያልፋል፤ በየማታው ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ የለም። ተነቅሎ የሚወጣ ሊቲየም ካልሆነ ወይም ባትሪ የሚቀየርበት ጣቢያ በመንገዳችሁ ላይ ከሌለ አይሆንም። የራሳችሁ ግቢ ካላችሁና በየቀኑ የምትሄዱት የታወቀ አጭር መንገድ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ገበያ፣ እኔ ቤንዚን ሞተር አልገዛም ነበር። ወረዳ ለወረዳ ለምትዞሩ፣ መብራት በሁለት ቀን አንዴ ለሚመጣበት ቦታ ደግሞ ቦክሰሩ ይቆይ።

ወረቀቱ

ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተነካክቶ ከሆነ ወደ ቤታችሁ። ሞተሩ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ አረጋግጡ፤ በማይክሮ ፋይናንስ ብድር የተያዘ ሞተር ሊብሬው በሻጩ እጅ ቢኖርም መሸጥ አይችልም።

"በውክልና ልስጥህ፣ ስም ማዛወሪያው ይቅርብህ" የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ዋጋው ስለሚቀንስ ያጓጓል። ወካዩ ግን ውክልናውን መሻር ይችላል፣ ቢሞትም ውክልናው አብሮ ይቀራል፤ ከወራሾች ጋር ስትከራከሩ ሞተሩ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይመታዋል። ሁለታችሁም ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ሽያጩን ፈርሙ፣ ከተቻለ ገንዘቡንም እዚያው በባንክ አስተላልፉ። የስም ማዛወሪያውን ግማሽ ሻጩ እንዲችል ብትደራደሩ ነውር የለውም፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

አዲስ ከገዛችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን 500 ኪሎሜትር አትጨቁኑት። ግማሽ ጋዝ ይበቃዋል፣ ሰው አትጫኑበት። ዘይቱን በመመሪያው ላይ በተጻፈው የመጀመሪያ ሰርቪስ ሳያልፍ ቀይሩ፣ ሲፈስ ዕቃ ውስጥ ተቀብላችሁ እዩት። የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበታል። በመጀመሪያው ቅየራ ይህ ያለ ነው፤ በሁለተኛውም ካያችሁት ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ሻጩ መልሱት።